ከረባዳው በላይ ያለው ቦይ

ረቡዕ፣ መጋቢት 14

ለማትጠገቢው ልጄ፣

እንዴት ከርመሻል? ብርዱ ለቀቀሽ? ያ ሳልሽስ? እኔ አለሁ። ጽሑፌ የዶሮ ጭረት ቢመስልሽ አትደንግጪ፤ ቀኝ እጄ በጄሶ ታስሮ በግራዬ ነው የምጽፍልሽ። ሐኪሙ ይድናል ብሎኛል። እንዴት እንደተሰበረ ወደ ታች ስታነቢ ትደርሺበታለሽ።

በስልክ ያልነገርኩሽ ጨክኜብሽ አይደለም። ወንድሜን፣ አጎትሽን፣ ከቀበርን ወዲህ ይህ ቤት ሰው ተለይቶት አያውቅም። አክስትሽ፣ የአባትሽ እህት፣ ሳሎን ውስጥ ፍራሽ አንጥፋ ሰፍራለች፤ ስልክ በጮኸ ቁጥር ከእኔ ቀድማ ታነሳለች። ባለፈው ስትደውዪ "ሰላም ነን፣ አይዞሽ" ብቻ ያልኩሽ ጆሮዋ ጆሮዬ ላይ ተለጥፎ ስለነበር ነው። ዛሬ ገበያ ወጥታለች። ባለ ወፍጮው ጎረቤታችን ከተማ ስለሚሄድ ደብዳቤውን ፖስታ ቤት አደርስልሻለሁ ብሎኛል።

አክስትሽ "አጎትሽ ቦዩ ውስጥ አዳልጦት ወድቆ ጭንቅላቱን ተመታ" ብላ እንደነገረችሽ ሰምቻለሁ። አላዳለጠውም ልጄ። የገደለው አባትሽ ነው። በአካፋ ነው የገደለው። እኔ እዚያው ነበርኩ።

ይህን ከሌላ ሰው አፍ እንድትሰሚው አልፈለግኩም። በይ ቁጭ ብለሽ አንብቢ፤ ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

ቦዩ ማርጀቱን አንቺም ታውቂያለሽ። ድንጋዩ ተፈነቃቅሎ፣ ጭቃው ታጥቦ፣ የዛፍ ሥር ገብቶበት ነበር። ያ ከባድ ዝናብ በጣለ ማግስት መታጠፊያው ላይ ያለው ግንብ ፈነዳ። እንደ መድፍ ነው የጮኸው። ውሃው የወፍጮ ቤቱን የጀርባ ግድግዳ ጥሶ ገባና እዚያ ታስረው የነበሩትን አህዮች ከነጭነታቸው ጠራርጎ አጥሩ ላይ ሰቀላቸው። አንዷ ወዲያው አልሞተችም፤ የሆዷ ዕቃ ወጥቶ ሽቦው ላይ ተጠምጥሞ ታቃስት ነበር። ባለ ወፍጮው እያለቀሰ በመጥረቢያ ገላገላት።

ግንቡን እንደ ነገሩ ደፈንነው። ከዚያ በኋላ ግን ውሃው ጫፍ መድረሱን ተወ። በቦዩ መጨረሻ ያሉት ገበሬዎች ተራቸው ሲደርስ የቦዩን በር ከፍተው ቆመው ይጠብቃሉ፤ የሚመጣላቸው የድመት ሽንት የምታክል ናት። በቆሏቸው ቆሞ በፀሐይ ነደደ። የእኛም ማሳ ጫፍ ላይ ስለሆነ አብሮ ነደደ። ግን አባትሽ የውሃ ማኅበሩ ሊቀ መንበር አይደል? ስድቡን ሁሉ እሱ ጠጣው። አንድ ቀን ምሳ እየበላን በመስኮት ድንጋይ ገባ። መስታወቱ ሳህኑ ውስጥ ተበተነ። ስባሪውን አንድ በአንድ ለቅሞ ጠርዝ ላይ ደረደረና የተረፈውን ምግብ በላው። ግንባሩ ላይ ደሙ እየወረደ ነው የበላው።

ከዚያ ከውሃ ቢሮ መሐንዲስ መጣች። ወጣት ናት፤ ከቦዩ አፍ እስከ ጫፉ በእግሯ ሄደች፣ አጎትሽ የሚኖርበት ረባዳ ውስጥ ወርዳም የውሃ ጉድጓዶቹን ለካች። አዳራሹ ሞልቶ ሰው መስኮት ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ ያየችውን ተናገረች። የፈረሰውን እንደ ልማዳችን በድንጋይና በጭቃ መጠገን ይቻላል፣ ይቀላልም፣ ግን በየዓመቱ ትመለሱበታላችሁ አለች። ከላይ እስከ ታች በአርማታ ብትለብጡት ግን ውሃው ሳይባክን ጫፍ ይደርሳል። ስለ ቱቦም ጀምራ ነበር፤ አንዱ ከኋላ "ሲደፈን ማን ገብቶ ያወጣዋል? አንቺ ነሽ?" ቢል ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሷም ሳቀች።

ቀጥላ ግን እንዲህ አለች፦ "ከቦዩ የጠፋ ውሃ ከምድር ጠፋ ማለት አይደለም። የረባዳው ጉድጓዶች የሚሞሉት ከዚህ በሚሰርገው ነው። ሁሉንም ከለበጣችሁት ረባዳው ይደርቃል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከረባዳው በላይ ያለውን ክፍል በድንጋይ ተዉትና ሌላውን በአርማታ ሥሩት። ጫፉ ላይ ትንሽ ይጎድላል፣ ግን ሁሉም ይኖራል።"

አጎትሽ ብድግ አለ። ፌንጣ ያሉት በከንቱ አይደለም፤ ወንበሩ ላይ ነው የወጣው። "ሰማችሁ? እናንተ ባከነ የምትሉት እኮ እኔ የምጠጣው ነው!"

ወርቅ ጥርስ የሚሉት የጫፍ ገበሬ "አንተ ዝም በል፤ ተራ የማይጠብቅ ሰው ድምፅ የለውም" አለው።

"ተራ የማልጠብቀው ሌባ ሆኜ ነው? ውሃው ራሱ እየመጣ ቤቴን ሲያንኳኳ አትግባ ልበለው?"

ግማሹ ሳቀ። ወርቅ ጥርስ ግን አልሳቀም፤ የተቀመጠበትን ወንበር አንስቶ ወረወረው። ከዚያ በኋላ ማን ማንን እንደመታ እንጃ። ወንበር ይበራል፣ ቡጢ ይዘንባል፣ አንዱ የአንዱን ጸጉር ይዞ ከግድግዳ ጋር ያላትማል። መሐንዲሷ ጠረጴዛዋ ሥር ልትገባ ስትል የሰው ክርን ከንፈሯን ቀደደው። አጎትሽን መሬት ላይ ጥለው ሲረግጡት ገብቶ በብብቱ አንጠልጥሎ ያወጣው አባትሽ ነው። የራሱ አፍንጫ እየደማ ወደ ውጭ ወሰደው፤ "አንተ ልጅ አንድ ቀን ታስገድለናለህ" እያለ ፊቱን በመሐረቡ ጠረገለት። ይህንንም እንድታውቂው ብዬ ነው የጻፍኩልሽ።

በማግስቱ እጅ ተነሥቶ ተቆጠረ። የረባዳው ሰዎች የማኅበሩ አባል አይደላችሁም ተብለው እጃቸው አልተቆጠረም። ከላይ እስከ ታች በአርማታ ይለበጥ ተባለ።

ሥራው ሲያልቅ ውሃው ጫፍ ደረሰ። ትልልቅ ሰዎች ከነልብሳቸው ቦዩ ውስጥ ገብተው ይራጩ ነበር። አባትሽ እንደ ሙሽራ ነው የሆነው፤ በየመንገዱ እጁን ይስሙታል። እኔ ረባዳው ወርጄ የአጎትሽን ሚስት ልጠይቅ ስሄድ ጉድጓዱ አፍ ላይ አገኘኋት። ባልዲውን ስትለቀው ታች ድንጋይ ላይ ሲንኳኳ ይሰማል። "ስሚው እትዬ" አለችኝ። ከኋላዋ አጎትሽ እየሸጠ የሚኖርባቸው ችግኞች፣ ያ ሁሉ ሎሚና ዘይቱን፣ በየፕላስቲካቸው ጠውልገው አንገታቸውን ደፍተው ነበር።

አጎትሽ ቤታችን መጣ። በሩ ላይ ቆሞ ኮፍያውን እጁ ላይ እያሽከረከረ፣ "ጋሼ፣ አርማታችሁን አፍርሱ አላልኩም። ክንዴ የምታልፍባት ቀዳዳ ብቻ ተዉልኝ" አለ።

አባትሽ መጀመሪያ በትዕግሥት ነው ያናገረው። "ዛሬ ላንተ ብበሳ ነገ ሁሉም ይበሳል። የሚስቴ ወንድም ስለሆንክ በሳሁልህ ይባላል። እኔ ምን ብዬ እቆማለሁ?"

"እና ልጆቼ ምን ይጠጡ?"

"አባል ሁንና ተራ ጠብቅ።"

"ጠየቅኩ እኮ! ወርቅ ጥርስ 'ቦታ ሞልቷል' አለኝ። ባቡር ነው እንዴ የሚሞላው?"

እኔም ጣልቃ ገባሁ፤ "መሐንዲሷ ያለችው እኮ ይኸው ነው፣ ምናለበት?" አልኩ። አባትሽ ጠረጴዛውን ከነዕቃው ገለበጠው። ብርጭቆው እግሬ ላይ ተሰበረ። አጎትሽ ጎንበስ ብሎ ስባሪውን ለቅሞልኝ ወጣ።

ከዚያ ነገሩ ከእጅ ወጣ። የረባዳው ጎረምሶች ወርቅ ጥርስን ቦዩ በር ላይ ብቻውን አግኝተው ጎድኑን ሰበሩት፤ ራሱን ውሃ ውስጥ እየነከሩ "ጠጣ፣ ያንተ አይደል?" ይሉት ነበር አሉ። የጫፍ ሰዎች ደግሞ በቀን በብርሃን ገጀራ ይዘው ረባዳው ወረዱና የአጎትሽን ችግኝ ሁሉ ከሥር ከሥሩ ጨፈጨፉት። ውሻው ሲጮህባቸው እሱንም ለሁለት አሉት። አጎትሽ በር ላይ ቆሞ ሁሉን አየ። አባትሽ ይህን አላዘዘም። ግን ሲነገረው "እነማን ናቸው?" ብሎ አልጠየቀም።

በማግስቱ ጠዋት፣ ፀሐይዋ ገና ሞቅ ሳትል፣ ከላይ በኩል የመዶሻ ድምፅ ተሰማ። ግው፣ ግው፣ ግው። አባትሽ ፊቱን እየታጠበ ነበር። ሳሙናው ፊቱ ላይ እንዳለ በሩ ሥር የቆመውን አካፋ አንሥቶ ወጣ። በባዶ እግሬ ተከተልኩት። "ተው፣ ፖሊስ ጥራ፣ ተው በልጃችን!" እያልኩ እሮጣለሁ፤ እሱ ዞሮም አያየኝ።

የላይኛው በር ተዘግቶ ስለነበር ቦዩ ደረቅ ነበር። አጎትሽ ብቻውን ውስጡ ቆሞ አርማታውን ይፈልጣል። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። ስንደርስ ቀዳዳውን ጨርሷት ነበር። እኛን ሲያይ መዶሻውን ጣለው። ጣለው ልጄ። ሁለት ጊዜ የጻፍኩት ሌሎቹ ሁሉ "አነሣው" ስለሚሉ ነው።

"ጋሼ፣ በቃ ጨረስኩ" አለ እያለከለከ። "ክንዴ የምታክል ናት፤ ሌላ አልነካሁም። አሁን ከፈለግክ እሰረኝ።" ሁለት እጁን አጋጥሞ ዘረጋለት። ፈገግ ብሎ ነበር። ታውቂው የለም? ሲፈራ ነው የሚስቀው።

አባትሽ ዘሎ ወረደና በአካፋው ጠፍጣፋ ጎን ጆሮ ግንዱን አለው። አጎትሽ በጉልበቱ ወደቀ። እጁን ጸጉሩ ውስጥ ከቶ አወጣና ደሙን አየው፤ የማያውቀውን ነገር ያገኘ ይመስል። ቀና ብሎ "ጋሼ?" አለ። ያችን ብቻ ነው ያለው። አባትሽ ሁለተኛውን በስለቱ አወረደበት። አጥንቱ ሲከፈት ሰማሁት። እርጥብ እንጨት ሲፈለጥ የሚወጣው ድምፅ ነው፤ አሁን ማንም እንጨት ሲፈልጥ ጆሮዬን እይዛለሁ።

ጀርባው ላይ ዘልዬ ወጣሁ። አንገቱን አነቅኩት፣ ትከሻውን ነክሼ ያዝኩት፤ ደሙ አፌ ውስጥ ገባ። ወዝውዞ ወረወረኝ፤ እጄ ከሥሬ ገብቶ ጠርዙ ላይ ቀጭ አለ። አካፋውን እንደገና አነሣ። ያኔ በስሙ ጠራሁት። አንቺ ከተወለድሽ ወዲህ በስሙ ጠርቼው አላውቅም። አካፋው አየር ላይ ቆመ፣ ከዚያ ከእጁ ወደቀ። ዞሮ ሲያየኝ ሳሙናው ፊቱ ላይ ደርቆ ነጭ ሆኖ ነበር፤ ሰው አይመስልም ነበር።

ባለ ወፍጮው ጩኸቴን ሰምቶ በፒክአፑ መጣ። አጎትሽን ከኋላ ጫንነው፤ ራሱን ጭኔ ላይ አድርጌ በደህናው እጄ ቁስሉን ደፍኜ ይዣለሁ፤ ደሙ በጣቶቼ መሃል ይወጣል። መንገድ ላይ ዓይኑን ገለጠ።

"እትዬ፣ አንድ እግር ጫማዬ ወልቋል።"

"እናመጣልሃለን፣ አትናገር።"

"ገና ትናንት ነው ያሰፋሁት። ሰው እንዳይወስደው።"

ድልድዩን ሳንሻገር ሞተ። ባለ ወፍጮው በመስታወት አይቶኝ ገባው፤ ግን እስከ ሐኪም ቤቱ ድረስ እየጮኸ መንዳቱን አልተወም።

አባትሽ ራሱ ሄዶ ለፖሊስ እጁን ሰጠ። ያለው ግን ሌላ ነው። "መዶሻ አንሥቶ መጣብኝ፣ ስንተናነቅ ወድቆ ጠርዙ መታው" አለ። ወርቅ ጥርስና ጓደኞቹ ከማሳችን ሆነን በዓይናችን አየን ብለው ፈረሙ። በዚያ ሰዓት ከእኔና ከአንዲት ላም በቀር ፍጥረት አልነበረም። ላሟን ቢጠይቋት ከእነሱ የተሻለ ትመሰክር ነበር።

አክስትሽ ደግሞ ጠዋትም ማታም አንድ ነገር ነው የምትለኝ፦ "ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል። የፈሰሰ አይታፈስም። የሞተው ሞቷል፤ አንቺ የቀረውን አድኚ።"

"የሞተው የእናቴ ልጅ ነው" አልኳት።

"ያስ የልጅሽ አባት አይደለም?"

ምግቧን አቀረበችልኝ፤ መጥፎ ሰው አይደለችም፤ ወንድሟን ነው የምትወደው። እኔም ወንድሜን።

ትናንት በር ስከፍት አንገቷ የተቆረጠ ድመት ደጃፋችን ላይ ተጥላ አገኘሁ። ከየትኛው ወገን እንደሆነ አላውቅም። አክስትሽ ልትጠርጋት አካፋ ይዛ ስትመጣ አካፋውን አይቼ ጮህኩ። ጎረቤት ሁሉ ወጣ። እሷም አካፋውን ጥላ በእጇ አንሥታ ወሰደቻት።

አባትሽን እስር ቤት ሄጄ አየሁት። ከስቷል። ሽቦው ውስጥ ጣቱን አሾልኮ ጄሶዬን ነካና "ያምሻል?" አለኝ። "ያመኛል" አልኩት።

"'ጋሼ?' ይለኛል፤ ዓይኔን ስጨፍን 'ጋሼ?' ይለኛል" አለ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "መዶሻውን ይዞ ነበር በይልኝ። ለምኜሽ አላውቅም፤ አሁን እለምንሻለሁ።"

"ጥሎት ነበር እኮ" አልኩት።

"አውቃለሁ" አለ።

ከዚያ ሰዓቱ አለቀ ተብሎ ወሰዱት።

ስለ ቦዩም ልንገርሽ። ማኅበሩ እንደገና ተሰበሰበ። ያቺው መሐንዲስ ከንፈሯ ላይ ጠባሳዋን ይዛ መጥታ ያንኑ ቃል ደገመችላቸው፤ ማንም ወንበር አልወረወረም። የረባዳው ሰዎችም ተቀምጠው እጃቸው ተቆጠረ። ከረባዳው በላይ ያለው አርማታ ተፈልጦ በድንጋይ እየተተካ ነው፤ ሌላው እንዳለ ይቆያል። የጫፉም የረባዳውም ሰው አብሮ ይሠራል። አይነጋገሩም፤ ድንጋይ ብቻ ይቀባበላሉ። ወርቅ ጥርስ ጎድኑን በጨርቅ አስሮ ያቀብላል። የአጎትሽ ሚስት ባልዲው ደርቆ መውጣቱን ትቷል አለችኝ። ይህ ሁሉ ምክር እኮ መጀመሪያም ሰው ሳይሞት ተነግሮን ነበር።

ችሎቱ ሰኞ ነው። አባትሽን ጥዪው ብዬ አልጠይቅሽም። እንድትምሪውም አልጠይቅሽም። እኔን ግን ምን እንደምትዪኝ እንጃ፤ ምናልባት ይህ ወረቀት ሲደርስሽ ሁሉም ነገር አልቆ ይሆናል፤ እንዲያ እንዲሆን ብዬም ሳይሆን አይቀርም በስልክ ያልነገርኩሽ። ድምፅሽን ብሰማ ቃሌን እለውጣለሁ ብዬ ፈራሁ።

ሰኞ ዳኛው "ምን አየሽ?" ሲለኝ ያየሁትን እናገራለሁ። መዶሻው መሬት ላይ ነበር እላለሁ። እጁን ዘርግቶ ነበር እላለሁ። ሁለተኛው በስለቱ ነበር እላለሁ። አባትሽ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ያየኛል፤ እኔም አየዋለሁ። ስጨርስ ከዚያ ወጥቼ ለጠባቂው ንጹሕ ሸሚዝ አቀብልለታለሁ። ሰማያዊውን፣ አንገቱን የማይከረክረውን። በአንድ እጅ መተኮስ ይከብዳል፤ ግን ተኩሼዋለሁ።

ሥራሽ ይቃናልሽ። ስትታመሚ ግንባርሽን የሚዳስስልሽ ሰው አይጥፋ። ቁጣ ቤትሽን አይወቀው። ጠላሽኝም ወደድሽኝም ፈጣሪ ከዓይኔ እንደራቅሽ ከልቤ አያርቅሽ።

እናትሽ